ኬላና ይለፍ

በድንጋይ መቁረጫው ፋብሪካ ውስጥ የመዝገብ ስማቸው የተረሳ አንዲት እህትና አንድ ወንድም ነበሩ። ታላቅየዋን ሠራተኛው ሁሉ ኬላ ይላታል፤ ታናሽየውን ይለፍ። ሁለቱም ማሽኖቹን የሚያዙትን ፕሮግራሞች ይጽፋሉ። ስሞቹን ያወጣላቸው የትልቁ የሽቦ መጋዝ ኦፕሬተር ነው፤ ሰው ካላሳቀ ምሳው የማይወርድለት፣ ቀጭን፣ ጥርሰ ፍንጭት ሰውዬ።

ስሙ የወጣበት ቀን እንዲህ ነበር። ባለመጋዙ በጭቃ የተለወሰ ቦቲውን እያንሿፈፈ ክፍላቸው ገባና፣ «እትዬ፣ ማሽንሽ ሰው ይንቃል» አላት።

«ምን አደረገህ?»

«የሽቦው ውጥረት ስንት ይሁን ብሎ ጠየቀኝ። ሀያ ገደማ ብዬ ጻፍኩለት። አልቀበልም አለኝ።»

እሷም ሳቅ እያለች አስረዳችው። የምትጽፍበት የፕሮግራም ቋንቋ ጥብቅ ነው። እያንዳንዱ ነገር ገና ሲገባ ዓይነቱን ይናገራል፤ ቁጥር ነኝ ወይም ጽሑፍ ነኝ ይላል። ቁጥር ነኝ ብሎ የገባ እስኪወጣ ድረስ ቁጥር ሆኖ ይኖራል። ፕሮግራሙ ማሽኑ ላይ ከመጫኑ በፊት ደግሞ ኮምፓይለር የሚባል ፈታሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያነበዋል፤ አንዲት መስመር እንኳ ካልተስማማች ቀይ አውጥቶ ይመልሰዋል። ቁጥር በሚጠበቅበት ቦታ «ገደማ» የሚባል ቃል መግቢያ የለውም።

«እንግዲያው ኬላ ነሽ በይኛ» አለ ባለመጋዙ። ስሙ በዚያው ተጣብቆ ቀረ።

ታናሽ ወንድሟ ሌላ ሰው ነው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይባል የለ። ፈጣን፣ ተጫዋች፣ ለጠየቀው ሁሉ «ችግር የለም፣ ይለፍ» የሚል። ሰው ይወደዋል። እሷም ትወደዋለች፤ ሥራውን ግን ሳታይ አታልፍም ነበር።

የሽቦ መጋዝ ያላየ ሰው የእንጨት መጋዝ ይመስለው ይሆናል። ከሰው ቁመት በሚበልጡ ሁለት መዘውሮች ላይ የሚሽከረከር ረጅም የብረት ሽቦ ነው፤ ሽቦው ላይ የአልማዝ ብናኝ ያለባቸው ቀለበቶች ተሰክተዋል። ውሃ እየተረጨበት ቤት የሚያክል ቋጥኝ እንደ ቅቤ ይሰነጥቃል። ሽቦው ከላላ ይንሸራተታል። ከመጠን በላይ ከተወጠረ ይበጠሳል፤ ሲበጠስ ደግሞ ድንጋይ የሚቆርጥ ጅራፍ ይሆናል። የኬላ ፕሮግራም ሥራ ያንን ውጥረት መጠበቅ ነው። ባለመጋዙ መነሻውን ይሰጣል፤ ፕሮግራሙ ለድንጋዩ ጥንካሬ የሚያስፈልገውን ይጨምርበትና ለሞተሩ ያስተላልፋል። መጨረሻ ላይ ገደብ አለ። ድምሩ ከገደቡ ካለፈ ማሽኑ ቀጥ ይላል።

የፋብሪካው ባለቤት የድንጋይ ጥንካሬ የሚለካ አዲስ ሴንሰር ገዝቶ የመጣ ዕለት ነው ነገሩ የተጀመረው። ሴንሰሩ ርካሽ ነበር። ኬላ ለሁለት ቀን ስትፈትሸው አንድ ክፉ ጠባይ አገኘችበት፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚልከው ነገር ይለወጣል።

«አንዳንዴ የሚልከው ቁጥር አይደለም» አለችው ባለቤቱን። «ቁጥር የሚመስል ጽሑፍ ነው። ተፈትሾ፣ ወደ ቁጥር ተለውጦ ነው መግባት ያለበት። ጊዜ ስጠኝ።»

«አምስት አምስት ነው» አለ ባለቤቱ።

«ለሰው ዓይን።»

«ደንበኛው በር ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ስለ ፊደል ታወሪኛለሽ?» ብሎ ጥሏት ሄደ። በማግስቱ እሷን የድንጋይ ማለስለሻው ማሽን ተበላሽቷል ብሎ ወደ ሌላው አዳራሽ ላካትና ሴንሰሩን ለወንድሟ ሰጠው። ወንድሟ ከሰዓት በኋላውን እንኳ ሳይጨርስ አጠናቀቀው።

«እንዴት አለፈልህ?» አለችው ወደ ቤት ሲሄዱ።

«አለፈ እኮ፣ እታለም። ኮምፓይለሩ አንድ ቀይ አላወጣም።»

ኮምፓይለሩ ካለፈ አልፏል ብላ አሰበች። እውነቱን ለመናገር ተቀይማም ነበር። ባለቤቱ በጀርባዋ ዞሮ ሥራዋን ለታናሽዋ መስጠቱ አንገብግቧታል። ጆሮ ዳባ ልበስ አለችና ፕሮግራሙን ሳትከፍተው ቀረች።

መጋዙ ያለ ምንም ችግር ሰነበተ። አንድ ጠዋት መብራት ሄደና ወዲያው ተመለሰ። ባለመጋዙ ወደ አዳራሹ ከሚያሳየው ከክፍላቸው መስታወት ማዶ ለኬላ እጁን አውለበለበላት፤ ከዚያ በሁለት ጣቱ ዓይኑን እየጠቆመ ኬላ ላይ እንደቆመ ፈታሽ አፈጠጠባት። ሳቀች። እሱም መነሻውን ሀያ ብሎ ሞላና መጋዙን አስነሳ።

ሽቦው አፏጨ። እንዲህ ያለ ፉጨት ከዚያ በፊት ሰምታ አታውቅም፤ ቀጠነ፣ ቀጠነና ጆሮ የሚበሳ ሆነ። ባለመጋዙ አንገቱን ቀና አድርጎ አዳመጠና እጁን ወደ ቀዩ የማቆሚያ ቁልፍ ዘረጋ። ሽቦው ቀደመው። የብረት መከላከያውን እንደ ካርቶን ቀዶ ወጣና ከግራ ትከሻው እስከ ቀኝ ወገቡ መታው። የተዘረጋው እጁ ቁልፉ ሥር ወደቀ። የቀረው አካሉ ከኋላው ካለው ቋጥኝ ጋር ተላተመና ቁልቁል ተንሸራተተ። የሽቦው ጫፍ ዞሮ ተመለሰና የኬላን መስታወት አደቀቀው፤ ስብርባሪው ፊቷ ላይ ዘነበ። ውሃው መርጨቱን አላቆመም። ነጩን የድንጋይ ጭቃ ቀይ እያደረገ ወደ ቦዩ ይወስደዋል።

ባለክሬኑ ሁሉንም ከላይ አይቶታል። የባለመጋዙ ታላቅ ወንድም ነው። ወላጆቻቸው በልጅነታቸው ስለሞቱባቸው ታናሹን እንደ አባት ያሳደገው እሱ ነበር፤ ፋብሪካውም ያስገባው እሱ ነው። በመሰላል ይውረድ ዘሎ ይውረድ ማንም አላየም። ጭቃው ውስጥ ተንበርክኮ የወደቀውን እጅ አነሳና ከትከሻው ጋር ሊያገጥመው ሞከረ። አልሆነለትም። እንደገና ሞከረ። ሦስት ሰዎች ሆነው ጎትተው ሲያነሱት እጁን አልለቅም ብሎ አስቸገራቸው።

ከቀብሩ ማግስት ባለቤቱ አዲስ ሽቦ አስጠመደ። ኬላ ፕሮግራሙን ልትከፍት ስትል ወንድሟ ቀደማትና፣ «አይቼዋለሁ፤ ደህና ነው። አንቺ ፊትሽን አስታሚ» አላት። ከአደጋው ወዲህ እህል በአፉ አልዞረም። ሐዘን መሰላት። ሽቦው አርጅቶ ይሆናል ብላም ራሷን አሳመነች።

ባለቤቱ ሠራተኛውን ግቢው ውስጥ ሰበሰበ። «ነፍሱን ይማር» አለ። «ግን እውነቱን እንነጋገር። ማሽኑ ጤነኛ ነው። ሽቦውን ያለ ልክ ያጠበቀው ራሱ ነው። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነውና...»

ንግግሩን አልጨረሰውም። ባለክሬኑ ሰውን እየገፈተረ መጥቶ በቴስታ አፍንጫውን አለው። አጥንቱ ሲሰበር ከኋላ የቆመ ሁሉ ሰማ። ባለቤቱ ወደቀ፤ ባለክሬኑ ደረቱ ላይ ወጥቶ በቡጢ ይወግረው ጀመር። ከንፈሩ ተተረተረ፤ ሁለት ጥርሱ ከደም ጋር አገጩ ላይ ወረደ። ሠራተኞቹ ክንዱንም አንገቱንም ይዘው ጎተቱት።

«የሞተ ሰው አይመልስልህም ብለህ ነው?» አለው ባለክሬኑ፤ ድምፁ ዝግ ያለ ነበር። «እጁን ለማቆሚያው ዘርግቶ ነው የሞተው። እጁን እኔ ነኝ ያነሳሁት።»

ባለቤቱ ደሙን እየተፋ፣ «ወደ እኔ ምን አመጣህ?» አለ። «ውጥረቱን የሚያዘው ፕሮግራሙ ነው። የጻፈችው እሷ ናት። ሂድና እሷን ጠይቅ።»

ሠራተኞቹ ባለክሬኑ የበረደ መስሏቸው ለቀቁት። ከግድግዳው ሥር አንድ የግንባታ ብረት፣ ፌሮ፣ አነሳና ሄደ።

ኬላና ወንድሟ የተሰበረው መስታወት በላስቲክ በተሸፈነበት ክፍላቸው ውስጥ ነበሩ። በሩ ተበርግዶ ሲገባ ወንድሟ ከወንበሩ ተነሳ። ባለክሬኑ በፌሮው ሆዱን መታውና አጎነበሰው። ኬላን በፀጉሯ ጨብጦ ከጠረጴዛው አወጣት፤ ሁለቱን፣ አንዷን በፀጉር አንዱን በኮሌታ፣ ደረጃውን እየጎተተ አወረዳቸው። ጉልበቷ በየደረጃው ተላጠ። መጋዙ አዳራሽ ውስጥ ወረወራቸውና የብረቱን በር ከውስጥ ቀረቀረው።

«አንቺ እዚያ ቁሚ» አለ። «የሱ ቦታ ላይ።»

«ጋሼ፣ ስማኝ...»

«ቁሚ። አንተ ደግሞ ሀያ ብለህ ሙላና አስነሳው።» ሄዶ ዋናውን የመብራት ማብሪያ ወደ ታች ጣለና መልሶ አነሳው። አዳራሹ ጨልሞ በራ። «ያን ቀን መብራት ሄዶ መጥቷል። ሁሉም እንደዚያው ይሁን። ማሽኑ ጤነኛ ከሆነ ምንም አትሆንም። አይደለም?»

ኬላ ቦታው ላይ ቆመች። ወለሉ ታጥቧል፤ ስንጥቁ ውስጥ ግን የጠቆረ ደም ቀርቷል። ፈርታለች። ሆኖም በሥራዋ ላይ ያላት እምነት ከፍርሃቷ ይበረታ ነበር። የጻፈችውን ገደብ ፊደል በፊደል ታውቀዋለች።

«ጋሼ፣ ሽቦው አርጅቶ ነው እንጂ ፕሮግራሙ ከልክ በላይ አይጎትትም። ድምሩ ከገደቡ ካለፈ ራሱ ይቆማል። የገዛ እጄ ሥራ ነው።» ወደ ወንድሟ ዞረች። «አስነሳው።»

ወንድሟ ጣቱን ወደ ማስነሻው ቁልፍ አቀረበ። ጣቱ ቁልፉ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ተጫነው እኮ አልኩህ» አለ ባለክሬኑ።

አልተጫነም። ባለክሬኑ ፌሮውን አወዛውዞ ጎኗ ላይ አሳረፈው። ትንፋሿ ተቋረጠ፤ የሆነ ነገር ውስጧ ቀጭ አለ። ተንበረከከች። በብብቷ ይዞ መልሶ አቆማት።

«እሷ አስነሳው ትልሃለች» አለው።

«አልችልም።»

በሁለተኛው ምት ፌሮው ጭኗን አገኛት። ጮኸች። ወንድሟ ፊቱ አመድ መስሎ ያያታል፤ ቁልፉን ግን አልተጫነም። ያን ጊዜ ዓይኑን አየችው። ከትንሽነቱ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ አንድ ነገር ሰብሮ ሲደብቅ ዓይኑ ምን እንደሚመስል ታውቃለች።

«ምን ነካክተሃል?» አለችው።

«ገደቡ የለም።»

«ምን አልክ?»

«ገደቡ አይሠራም፣ እታለም። ከዚያ ውረጂ።»

ባለክሬኑ ፌሮውን ዝቅ አደረገ።

«ሴንሰሩን እንዴት አሳለፍከው?» አለች ኬላ፤ ጎኗን በእጇ ደግፋ ነው የምትናገረው። «ኮምፓይለሩ እንዴት ዝም አለህ?»

«ዳይናሚክ አልኩት።»

አንዲቷ ቃል በቃቻት። ጥብቅ በሆነው ቋንቋም ውስጥ የጓሮ በር አለ። አንድን ነገር ዳይናሚክ ብለህ ከጻፍከው ኮምፓይለሩ ዓይነትህ ምንድን ነው ብሎ አይጠይቀውም። አሁን አትፈትሸኝ፤ ማሽኑ ሲነሳ የሆንኩትን እሆናለሁ እንደ ማለት ነው። ለዚያ በር ቦታ አለው፤ የሚከፍተው ሰው ማን እየገባ እንደሆነ ቆሞ እስካየ ድረስ። ወንድሟ ከፍቶት ሄዷል።

«ገደቡስ?»

«ጽሑፍን ከቁጥር ጋር ማወዳደር አልችልም እያለ ስህተት ያወጣ ነበር። ስሞክረው መብራት በሄደ ቁጥር ማሽኑን አቆመብኝ። ባለቤቱ አናቴ ላይ ቆሟል። ስህተት ሲመጣ ዋጠውና ቀጥል የሚል ጻፍኩበት።» አለቀሰ። «ሌላ ጊዜ አስተካክለዋለሁ ብዬ ነበር። ከሞተ በኋላ አየሁት። ልነግርሽ አቃተኝ።»

«በኔ ቋንቋ ንገሩኝ» አለ ባለክሬኑ።

ኬላ ወደ እሱ ዞረች። ልትዋሽለት ትችል ነበር፤ ይህን ሰው ማንኛውም የማይገባ ቃል ያታልለዋል። ግን ወንድሙ የቆመበት ቦታ ላይ ቆማለች።

«ወንድምህ ሀያ ብሎ ሞላ» አለችው። «ሴንሰሩ አምስት ጨምር አለ። ሀያ አምስት መሆን ነበረበት። መብራት ሄዶ ስለተመለሰ ግን አምስቱ የመጣው በጽሑፍ ነው። ጽሑፍ አይደመርም፤ ከጎን ይለጠፋል። ሁለት፣ ዜሮ፣ አምስት። ሞተሩ ሁለት መቶ አምስት ተብሎ ታዘዘ። ያለ የሌለ ኃይሉን አውጥቶ ጎተተ።»

ሰውዬው ጣቶቹን አንድ በአንድ አንቀሳቀሰ፤ ቁጥሮቹን አየር ላይ ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ይመስል ነበር።

«እና ወንድሜ በዚህ ሞተ?»

«በዚህ ሞተ።»

ወንድሟ ወደ በሩ ሮጠ። ባለክሬኑ በሦስት እርምጃ ደረሰበትና ከኋላ በርግጫ ጣለው። ቀኝ እጁን ይዞ፣ ያን ማስነሻውን መጫን ያቃተውን እጅ፣ ከመጋዙ ሥር ባለው ቋጥኝ ላይ ዘረጋው፤ ክንዱ ላይ በጉልበቱ ተጫነበት። ፌሮውን በሁለት እጁ አነሳ። የመጀመሪያው ምት ጣቶቹን አገኘ። የልጁ ጩኸት አዳራሹን ሞላው። ሁለተኛው እዚያው ላይ ደገመው፤ ከቋጥኙ ላይ የሚፈሰው ደም ከድንጋይ ብናኝ ጋር እየተቦካ ወረደ። ውጭ ያሉት ሰዎች በሩን መደብደብ ጀመሩ። ባለክሬኑ አልሰማም። ፌሮውን አዙሮ ያዘና ሹል ጫፉን ወደ አንገቱ አነጣጠረ።

ኬላ መዘውሩ ሥር የተቀመጠውን ትልቅ የብሎን መፍቻ እንዴት እንዳነሳችው አታስታውስም። የተሰበረ ጎኗ የተሰማት በኋላ ነው። ከኋላው መጥታ መጀመሪያ ጉልበቱን መታችው። ሰውዬው ተብረከረከና ወደ እሷ ዞረ። ሁለተኛውን ፊቱ ላይ አሳረፈችው። ግራ ዓይኑ የነበረበት ቦታ ገባ አለ፤ ደም ቡልቅ ብሎ እጇን አለበሰው። በጀርባው ወደቀ።

«ጨርሺኝ» አላት፤ በቀረችው ዓይኑ እያያት። «ጨርሺኝና ልገላገል።»

መፍቻውን ከፍ አደረገች። እጁ ወደ ፌሮው የተንቀሳቀሰ መሰላት። ሦስተኛውን ጊዜ መታችው፤ አንገቱና ትከሻው መገጣጠሚያ ላይ፣ ባለ በሌለ ኃይሏ። እጁ በእርግጥ ተንቀሳቅሶ እንደሆነ በኋላ ፍርድ ቤት ሲጠይቋት፣ «አላውቅም» አለች። እስካሁንም አታውቅም።

በሩ ተሰብሮ ሲገቡ መፍቻውን እንደያዘች ቆማ ነበር። ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈልቅቀው ነው የወሰዱባት።

ሦስቱም በአንድ አምቡላንስ ሄዱ። ወንድሟ ከቀኝ እጁ ሦስት ጣት አጣ፤ የቀሩትም አይታጠፉም። ባለክሬኑ ዓይኑን አጣ። እሷ ሁለት የጎን አጥንቷ ተሰብሯል። መርማሪዎቹ ሆስፒታል ክፍሏ ድረስ ኮምፒውተር አምጥተው ምን እንደሆነ እንድታሳያቸው ጠየቋት። ዳይናሚክ የምትለዋን ቃል ሰረዘችና በቦታዋ ቁጥር ብላ ጻፈች። ኮምፓይለሩ ወዲያው ስክሪኑን በቀይ ሞላው። ወንድሟ እነዚህን ቀይ መስመሮች ያኔ አይቷቸው ነበር፤ አይቶ ነው አፋቸውን የያዛቸው።

እናታቸው የሰማችው ከሰው ነው። ልጇን ካየች በኋላ የኬላ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ያላችሁኝ እናንተ ሁለታችሁ ናችሁ» አለች። «አንቺ ጠንካራ ነሽ። እሱ እስር ቤት ገብቶ አይወጣም። እኔ ነኝ የጻፍኩት በይ።»

«እማዬ፣ ሰው እኮ ሞቷል።»

«የሞተው አይመለስም። ያለውን ነው የምለምንሽ።»

ኬላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እናቷ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ከዚያ ቀን በኋላ አላነጋገረቻትም።

ፍርድ ቤት ሁሉንም ተናገረች። ወንድሟ ምን እንደጻፈ፣ ባለቤቱ ማስጠንቀቂያዋን ሰምቶ እንዴት ወንድሟን እንዳጣደፈው፣ እሷም ኩርፊያ ይዟት አንዲት ቀን እንኳ ፕሮግራሙን እንዳልከፈተችው። ወንድሟ ስትናገር አንገቱን ደፍቶ ሰማት፤ አንድም ቃል አላስተባበለም። ባለቤቱና ወንድሟ ሰው በቸልተኝነት በመግደል ተፈረደባቸው፤ ባለክሬኑ በአካል ማጉደል። እሷን ነፃ ለቀቋት። ከችሎቱ ስትወጣ አንዲት የማታውቃት ሴት የገዛ ወንድሟን የሸጠች ብላ ምራቋን ተፋችባት። ምራቁን በእጅጌዋ ጠረገችና መንገዷን ቀጠለች።

እንቅልፍ የነሳት ሌላ ነገር ነው። ከተማው ውስጥ ያለው እስር ቤት አንድ ብቻ ነው፤ ወንድሟንና ባለክሬኑን እዚያው አስገቧቸው። ከዛሬ ነገ ገደለው ይሉኛል እያለች ስትሰቀቅ ከረመች። በመጨረሻ በጠያቂ ቀን ሄደችና ወንድሟን ሳይሆን ባለክሬኑን አስጠራች።

ከሽቦ አጥሩ ማዶ መጥቶ ቆመ። ዓይኑ የነበረበት ቦታ ተሰፍቷል። አንገቱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ነው የሚቆመው፤ ሦስተኛው ምት የሰጠው ነው።

«ለምን መጣሽ?» አላት።

«ልለምንህ።»

«ስለሱ?»

«ስለሱ።»

ከጎናቸው አንዲት እናት ከልጇ ጋር በጩኸት ታወራለች፤ ወታደሩ ቀንሱ ይላል።

«አንድ ክፍል ነው ያስገቡን» አለ። «አልጋው ከኔ አልጋ በታች ነው። የመጀመሪያ ሰሞን ይተኛል ብዬ እጠብቅ ነበር። እሱም ይህን ስለሚያውቅ አይተኛም ነበር። ሁለታችንም ዓይናችን ፈጦ ይነጋል።»

«አሁንስ?»

«አሁን ይተኛል። ሰው እንቅልፍን ምን ያህል ይቋቋመዋል።» ጺሙን አሸ። «ጠዋት ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ያቅተዋል። በዚያ እጁ ይታገላል። ሌሎቹ ይስቁበታል። እኔ አልስቅም። አልረዳሁትምም።»

«ትገድለዋለህ ወይ?»

«ትናንት አልገደልኩትም። ዛሬም አልገደልኩትም። ከዚህ ሌላ ማለት አልችልም፤ ብልሽ ውሸት ነው።»

ኬላ ራሷን ነቀነቀች። ለወንድሟ ያመጣችውን ልብስ አወጣች፤ ሁለት ሹራብ ነበር፣ በአንገት የሚጠለቅ፣ ቁልፍ የሌለው። ወታደሩ ዳበሰውና አሳለፈው። ባለክሬኑ ሹራቦቹን በብብቱ ሥር ያዘ።

«አደርስለታለሁ» አላትና ጉልበቱን እየጎተተ ወደ ውስጥ ተመለሰ።